ብርዱ የየዓመቱ ነው፣ ጎንደር ላይ በረዶ ይጥላል የሚለው ግን ውሸት ነው፦ ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ እየዞረ ያለ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ፣ እናንተም ጋ ሳይደርስ አይቀርም፣ ዘንድሮ በጋ ጎንደርና አካባቢው ላይ ታይቶ የማይታወቅ ብርድና በረዶ ሊመጣ ነው የሚለው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ከአውሮፓ የተነሳ የዋልታ ብርድ ቀይ ባህርን ተሻግሮ ወደኛ እየገሰገሰ ነው ይላል፣ የወቅት ትንበያ ጠቅሶ ከታህሳስ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል ይላል፣ ብርዱም ከዓመት ዓመት እየከፋ ነው ይላል፣ ዳባትና ደባርቅ ብቻ ሳይሆኑ ጎንደር ከተማም በረዶ ሊለብስ ይችላል ይላል፣ ለማስረጃ ደግሞ የአንድ የሞባይል አፕ ስክሪንሾትና ነጭ የሆነ መንገድ ፎቶ ለጥፏል፣ ራስ ደጀን ዓመቱን ሙሉ በረዶ አይለየውም የሚልም አለበት። ከዛ ወደ ምክር ይገባል፣ ለጥምቀት ልትመጡ ያሰባችሁ ቅሩ፣ ገበሬው ትንበያው ከዜሮ በታች እስካላለ ድረስ አይስጋ፣ ቤት ያላችሁ ደግሞ ማታ ከሰል አቀጣጥላችሁ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጋችሁ ተኙ፣ አረቄም ቅመሱ ይላል።

እኔ ዳባት ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን ጎንደር የምኖር የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ጸሐፊው ሰው እንዲጠነቀቅ አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም፣ ግን ጽሑፉ ሰውን ለማይመጣ ነገር እያስፈራ ለሚመጣው ነገር ያዘናጋል፣ አንዱ ምክር ደግሞ ቤተሰብ ሊጨርስ ይችላል። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው ነጥብ በነጥብ የምመልሰው።

በጽሑፉ ቅደም ተከተል ብሄድ ጥሩ ነበር፣ ግን የከሰሉ ነገር ስለሚብስ ከሱ ልጀምር። ጸሐፊው ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ከሆነ በኋላ ጨው ነስንሶበት ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ችግር የለውም ብለዋል። አለው፣ በጣም አለው! ገዳዩ እኮ በአይን የሚታየው ጭስ አደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፣ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ አይን አያቃጥል፣ አያስል። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይሄን ጋዝ ያወጣል፣ ያ ቀይ ሆኖ የሚያምረው ፍም ጭስ ስለሌለው ብቻ ንጹህ ይመስለናል እንጂ ጋዙን እያመረተ ነው፣ ጨው ደግሞ ምንም የሚለውጠው ነገር የለም። ጋዙ በሳንባ አድርጎ ደም ውስጥ ይገባና ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል፣ አያያዙም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው፣ ስለዚ ሰውየው እየተነፈሰ ነው ሰውነቱ ግን ኦክስጅን አያገኝም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዛ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ጉልበት መክዳት፣ ከዛ ራስን መሳት። ተኝቶ የነበረ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱም ሳይቀሰቅሰው በዛው ይቀራል።

እዚህ ከተማ ይሄ አደጋ የሚያገኛቸው እነማን እንደሆኑ የማናውቅ የለንም። አንዲት ክፍል ተከራይተው ለሦስት ለአራት የሚያድሩ ተማሪዎች አሉ፣ በቆርቆሮ ክፍል የሚያድር የግንባታ ዘበኛ አለ፣ ከሁሉም የምሰጋው ግን ለአራስ ቤት ነው፣ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ተወትፎ ማንደጃው አልጋው ስር ይቀመጣል፣ ውስጡ እናት አለች፣ ጨቅላ ልጅ አለ፣ ልታስታምም የመጣች እናት ወይ እህት አለች። እባካችሁ ከሰል ግድ ከሆነ ውጭ አቀጣጥሉት፣ ክፍሉን ስታሞቁበት መስኮቱም በሩም ገርበብ ይበል፣ ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ ማንደጃውን ፍሙም አመዱም ሳይቀር ወደ ውጭ አውጡት። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች ባንዴ ራሳቸውን ካመማቸው ምግብ ነው ምናምን እያላችሁ ጊዜ አታጥፉ፣ ሁሉንም ወደ ንጹህ አየር አውጡና ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። ይሄን ጽሑፍ እስከመጨረሻው የማታነቡ ከሆነ እንኳ ይችን አንቀጽ ለቤተሰብ አድርሱልኝ።

አሁን ወደ ብርዱ መነሻ። የአውሮፓ የዋልታ ብርድ እየመጣብን ነው የሚለው በዛ መልኩ ትክክል አደለም። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ናት፣ የአውሮፓ ቅዝቃዜ እንዳለ እዚህ ድረስ አይዘልቅም። በጋ ላይ የሚነፍስብን ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ነው፣ ከሳይቤሪያና ከአረቢያ ከፍተኛ የአየር ግፊት ጋር የተያያዘ ነው፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን በረሃ ለበረሃ ተጉዞ ሲደርስ ሞቆ ነው የሚደርሰው፣ ይዞልን የሚመጣው ድርቀቱን ነው። ብርዱን የሚሠራው እዚሁ የኛው ሰማይ ነው። አየሩ ደረቅ ሲሆን ደመና የለም፣ ደመና ከሌለ ደግሞ መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች፣ ከላይ ይዞ የሚመልስላት የለም፣ ጎህ ሊቀድ ሲል የመጨረሻው ብርድ ይመጣል። ለዚህ ነው ታህሳስና ጥር ቀን ቀን ፀሐዩ 27 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ገደማ የሚወርደው። ክረምት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ ሐምሌና ነሐሴ ቀኑ ጭፍግግ ብሎ ይውላል ሌሊቱ ግን ደመናው ስላለ ያን ያህል አይወርድም። ይሄ በየዓመቱ የሚሆን ነገር ነው፣ የዘንድሮ ጉድ አደለም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያለፉት አንድ ነገር አለ። አንዳንዴ ከሰሜን በኩል ያለ የአየር ሥርዓት ወደ ደቡብ ዘለቅ ሲል በበጋ ያልታሰበ ዝናብ ያመጣል፣ ያኔ ደመናው ስለሚመጣ ሌሊቱ እንዲያውም ይለዝባል፣ ጉዳቱ ግን ሌላ ነው፣ ታጭዶ ማሳ ላይ የተኛና አውድማ ላይ ያለ ሰብል ይበሰብሳል። ደምቢያ ላይ ጤፉን አጭዶ ላልከመረ ገበሬ ከየትኛውም በረዶ ይልቅ የህዳር መጨረሻ ዝናብ ነው የሚያስፈራው፣ ስለሱ አንድ መስመር እንኳ የለም።

የወቅት ትንበያውን ያነበቡበት መንገድም ልክ አደለም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበጋ ትንበያ ያወጣል፣ ናይሮቢ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ንብረት ማዕከል ኢክፓክም ያወጣል፣ እነዚህ ትንበያዎች የሚናገሩት በዕድል ነው። ወቅቱ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች ይሆናል ተብሎ በሦስት ይከፈላል፣ ምንም የተለየ ምልክት ከሌለ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ገደማ ይደርሰዋል፣ አንዱ ጋ ወደ 45 በመቶ ከፍ ካለ ወደዛ ያጋደለ ነው ማለት እንጂ ይሆናል ማለት አደለም፣ 55 በመቶው እኮ ሌላ ነው። ደሞ ወቅቱ በጠቅላላ ቀዝቀዝ ያለ ይሆናል ማለትና ታህሳስ 20 ሌሊት እንዲህ ይሆናል ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ቀን ቆጥሮ የሦስት ወር ብርድ የሚናገር ሳይንስ የለም። ላኒና (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ በምድር ወገብ አካባቢ ከወትሮው የሚቀዘቅዝበት ክስተት) ያለበት ዓመት በጋው ጠራ ያለና ደረቅ የመሆን ዝንባሌ ስላለው ደጋው ላይ የውርጭ ሌሊቶች ሊበዙ ይችላሉ፣ ይሄን ቢሉ እስማማ ነበር፣ ከዛ ተነስቶ ጎንደር በረዶ ይጥላል ጋ መድረስ ግን አይቻልም።

ስክሪንሾቱ ደግሞ አለ፣ ጎንደር የሚል ተጽፎ ከዜሮ በታች 4 ያሳያል። እነዚህ አፖች የሚያሳዩት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞሜትር ላይ የተነበበ አደለም፣ ከዓለም አቀፍ ሞዴሎች የሚወጣ ስሌት ነው። የአውሮፓው ሞዴል ምድርን ወደ 9 ኪሎ ሜትር በሚጠጉ ሳጥኖች ይከፋፍላታል፣ የአሜሪካው ወደ 13 ኪሎ ሜትር፣ አንዱ ሳጥን ውስጥ ያለው ተራራም ገደልም ባንድ አማካይ ከፍታ ይጨፈለቃል። የኛን አገር ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሊማሊሞ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው 9 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይነት አየር እንዳለ ይገባዋል። ከዛ በላይ የድሮው የጎንደር ክፍለ ሀገር ራስ ደጀንንም ያጠቃልል ስለነበር ጎንደር ብለህ ስትፈልግ አፑ የቱን ነጥብ እንደያዘልህ ማየት ያስፈልጋል፣ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ከፍታ ወይም ካርታውን ሳያዩ ሼር ማድረግ ተገቢ አደለም።

ከፍታ ካነሳን ዋናው ቁልፍ እሱ ነው። በግምት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደባርቅ 2,850 አካባቢ፣ ስለዚ ደባርቅ ከኛ በ5 ዲግሪ ያህል ትበርዳለች፣ ኮሶዬን አልፋችሁ አምባ ጊዮርጊስ ስትደርሱ ጃኬት የምትደርቡት ለዚህ ነው። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ነው፣ ከኛ ጋር የ15፣ 16 ዲግሪ ልዩነት አለው፣ ጎንደር 10 ስትሆን እዛ ከዜሮ በታች 5 ቢሆን የሚገርም ነገር የለውም። መተማ ደግሞ ቆላ ነው፣ በዛው ሌሊት ሰው ደጅ ላይ አንሶላ ደርቦ ያድራል። ጸሐፊው ሰሜን ጎንደርን፣ ማዕከላዊ ጎንደርን፣ ምዕራብ ጎንደርን ሁሉንም ባንድ ቃል ጠቅልለው አንድ ትንበያ ሰጧቸው፣ ቋራና ጃናሞራን ባንድ ቁጥር መግለጽ አይቻልም።

ፎቶውን ልብ ብላችሁ እዩት። መንገዱ ነጭ ነው፣ እውነት፣ ግን ከመንገዱ ዳር ያለውን ሳር ተመልከቱ፣ ለምለም ነው፣ ከጀርባ ያለው የገብስ ማሳም አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ታህሳስ ላይ የትኛው ደጋ ነው አረንጓዴ ገብስ ያለው? ገብሱ ታጭዶ ማሳው ገለባ ሆኗል። ነጩ ነገርም ቀረብ አድርጋችሁ ስታዩት ድቡልቡል ነው፣ ቦዩ ውስጥ ተከማችቷል፣ ከስሩ ጭቃ ውሃ ይወርዳል። ይሄ በክረምት ወይ በበልግ ነጎድጓድ ባለበት ከሰዓት በኋላ የወረደ የበረዶ ጠጠር ነው። ይሄ ዓይነቱ እኛም ጋ ይጥላል፣ ሰብል ያወድማል፣ ቆርቆሮ ይበሳል፣ አንዳንዴ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ለሰዓታት ይቆያል፣ ግን የሚሠራው ሙቀትና እርጥበት አየሩን ወደ ላይ ሲያጎነው ረጅም ደመና ውስጥ ነው፣ የበጋ ጥርት ያለ ሌሊት ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ስሜን ላይ እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ ጥሎ አያውቅም ወይ ብትሉኝ ይጥላል፣ ታሪክም አለው፣ ጸሐፊው ታሪኩን ቢያነቡት ራሱ መልስ ይሰጣቸው ነበር። ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ በጥንቷ የቀይ ባህር ወደብ አዱሊስ ላይ ያስቀረጸው ጽሑፍ አለ፣ ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ መነኩሴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦ አቆየልን፣ እዛ ላይ ንጉሡ የስሜንን ሰዎች ሲወጋ ተራራው በረዶና ውርጭ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ የሚሰምጥበት እንደሆነ ይናገራል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ኢየሱሳዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ጀሮኒሞ ሎቦም በረዶውን መስክሯል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. በሊማሊሞ በኩል አድርጎ ጎንደር ሲገባ ግን በረዶ አላየሁም አለ፣ በኋላ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት መጥቶ በኤፕሪል 1810 እ.ኤ.አ. ተራራው ላይ በረዶ ማየቱን ጻፈ፣ ብሩስ ያላየበትንም ምክንያት አስረዳ፣ ብሩስ ከተራራው ግርጌ አልፎ ወደ ላይ አልወጣም።

ሶልት ያየበትን ወር እዩልኝ፣ ኤፕሪል ነው፣ በኛ መጋቢት ማለቂያና ሚያዝያ መግቢያ፣ የበልግ ዝናብ ያለበት ጊዜ። በረዶ ለመጣል ብርድ ብቻ አይበቃውም፣ እርጥበት ይፈልጋል፣ ታህሳስ ላይ ስሜን ብርዱ ሞልቷል እርጥበቱ ግን የለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፣ ከምን ተሠርቶ ይወርዳል? ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበቱ አለ ግን አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚሆንበት ከፍታ ከ4,500 ሜትር የሚቀርብ ወይም ከዛ የሚበልጥ ነው፣ ስለዚ በረዶው ቢወርድም የሚያርፈው ራስ ደጀንና ቧሂት ጫፍ ጫፉ ላይ ነው፣ አብዛኛውም ጠጠር ነው፣ ፀሐይ ወጣ ስትል ይሟሟል። ጎንደር ላይ እንዲጥል ያ ከፍታ ካለበት በ2,000 ሜትርና ከዛ በላይ ዝቅ ማለት አለበት። ይሄ ትንሽ ዕድል አለው የሚባል ነገር አደለም፣ በቃ አይሆንም።

ራስ ደጀን ዓመቱን ሙሉ በረዶ አለው የሚለውም በዚሁ ይመለሳል። አፍሪካ ውስጥ የማይጠፋ በረዶ የቀራቸው ኪሊማንጃሮ፣ የኬንያ ተራራና ሩዌንዞሪ ናቸው፣ ሦስቱም ከ5,000 ሜትር በላይ ናቸው፣ የነሱም እየተመናመነ ነው። ስሜን ላይ የበረዶ ግግር የነበረው በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ነው፣ ያ ግግር ገፍቶ የቆለለው ድንጋይ ዛሬም ቧሂት አካባቢ ይታያል።

እሺ፣ አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፣ ውርጭ። ጸሐፊው ለገበሬው የሰጡት ምክር ትንበያው ከዜሮ በታች ካላለ አትስጋ የሚል ነው። ይሄን ያመነ ገበሬ ባቄላውን ያጣል! ትንበያውም የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያውም የሚናገሩት ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ነጭ ሳጥን ውስጥ ስላለው አየር ነው፣ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ሌሊት ግን መሬቱ አጠገብ፣ ቅጠሉ ያለበት ቦታ፣ ከዛ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚ ትንበያው 3 ዲግሪ እያለ ማሳው ላይ ውርጭ ሊወርድ ይችላል፣ ወረዳው ውርጭ የለም ብሎ ተኝቶ ጠዋት ማሳው ነጭ ሆኖ ይገኛል።

የመታው ማሳ ምን እንደሚመስል ላላዩት ልንገር። ጎህ ሲቀድ ያምራል፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩን በጥቃቅን ነጭ መርፌ ተከቦ ያብለጨልጫል፣ ስትረግጠው ቀጭ ቀጭ ይላል። ፀሐይ ወጥታ ረፋድ ሲሆን ነው ጉዱ የሚታየው፣ የድንቹ ቅጠል እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ይተኛል፣ የባቄላው አበባ ይረግፋል፣ እንቡጡን ስትከፍቱት ውስጡ ቡናማ ሆኗል። ተክሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ሴሉን ቀዶታል፣ ያ አይመለስም። ዳባት እያለን አባቶች ጠዋት ተነስተው መጀመሪያ የሚያዩት ሰማዩን ሳይሆን ረባዳው ማሳ ላይ ያለውን ነበር፣ ለምን ብትሉ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ ሌሊቱን ቁልቁል ይፈስና ጉድጓዳማ ቦታ ይተኛል፣ ስለዚ ተረተሩ ላይ ያለው ሰብል ተርፎ ወንዝ ዳር ያለው ለም መሬት ይመታል። መስኖው ደግሞ ያለው እዛው ወንዝ ዳር ነው፣ ድንቹም ነጭ ሽንኩርቱም እዛ ነው፣ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ምን ይደረግ? ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሞተ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ አየሩም ደረቅ ከሆነ ማታ ውርጭ ጠብቁ። ውሃ ያላችሁ በዛው ቀን አስቀድማችሁ መሬቱን አጠጡት፣ እርጥብ አፈር ቀን ሙቀቱን በደንብ ይይዝና ሌሊት ቀስ እያለ ይለቀዋል፣ የደረቀና አዲስ የታረሰ አፈር ግን ቶሎ ይበርዳል። የጓሮ አትክልትና ችግኝ ማታ በጭድ ወይ በሳር ሸፈን አድርጉ፣ ፀሐይ ስትወጣ ግለጡት። ለከርሞ ደግሞ ረባዳው ላይ ባቄላው በታህሳስ አበባ እንዳይዝ የዘር ጊዜውን ማስተካከል ነው፣ ይሄን ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ጋር ተመካከሩበት። ኢንስቲትዩቱ በየ10 ቀኑ መግለጫ ያወጣል፣ የማታ ዜና ላይ ያለችውን አጭር የአየር ሁኔታም ቢሆን ስሙ፣ የደጋ ሌሊትና ማለዳ ቅዝቃዜ ይጠናከራል ካለ ስለናንተ ነው የሚያወራው።

የጥምቀቱ ምክር ደግሞ አሳዝኖኛል። ለከተራ የሚመጣ እንግዳ እንዲቀር መምከር ማለት ከኮቪድና ከጦርነቱ ጀምሮ እንግዳ የናፈቀው ባለ ሆቴል፣ አስጎብኚ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ፒያሳ ላይ የሀገር ልብስ የምትሸጥ እናት እንጀራ ላይ መፍረድ ነው፣ ለዛውም በማይጥል በረዶ ምክንያት። በዓሉ በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፣ ሰው ለማየት የሚጓጓበት ነው። ጥር 10 ሌሊት ቀሃ ላይ ይበርዳል ወይ? አዎ ይበርዳል፣ ፋሲል መጠመቂያው ዙሪያ ውሃውም ዛፉም ስላለ እርጥበቱ ይሰማል፣ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጋቢ ደርቦ ካልሲና ኮፍያ አድርጎ የሚያድሩበት ብርድ ነው፣ ሕዝቡ ስንት ዘመን እየዘመረ ያደረበት ነው። ጠዋት ውሃው ውስጥ የምትዘሉ ወጣቶች ደረቅ ልብስ ያዙ፣ እርጥብ ልብስ ለብሶ ነፋስ ላይ መቆም ነው ሙቀት የሚጨርሰው፣ ሽማግሌና ሕጻን ይዛችሁ የምታድሩ መሬት ላይ ምንጣፍ ወይም ካርቶን አንጥፉ፣ ብርዱ ከስር ነው የሚገባው። ከጥምቀት በኋላ ስሜን ለምትወጡ ግን ሌላ ነው፣ የማደሪያ ካምፖቹ ሳንቃበር 3,250፣ ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፣ ድንኳን ውጭ የተተወ የውሃ ጠርሙስ ጠዋት በረዶ ሆኖ ይገኛል፣ ደህና የመኝታ ከረጢትና ወፍራም ልብስ ያዙ፣ አብረዋችሁ ለሚያድሩት ለበቅሎ ነጂዎቹና ለስካውቶቹም (ለፓርኩ ጠባቂዎች) በቂ መደረቢያ መኖሩን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቅላቸውም።

አረቄው ላይ ብዙ አልልም። አልኮል ሙቀት አይሰጥም፣ ቆዳ ስር ያለውን የደም ስር ያሰፋዋል፣ ፊት ይሞቃል፣ ከውስጥ ያለው ሙቀት ግን በቆዳ በኩል ይወጣል። ውጭ ለሚያድር ሰው አረቄ መስጠት ጉዳት ነው፣ ትኩስ አጥሚትና ሻይ ይሻላል።

ብርዱ ከዓመት ዓመት እየከፋ ነው የሚለውስ? የአገሪቱ መረጃ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ጨምሯል፣ በጣም ቀዝቃዛ የሚባሉት ሌሊቶች ቁጥርም ቀንሷል። ይሄ ማለት ውርጭ ቀረ ማለት አደለም፣ አንድ የውርጭ ሌሊት በቂ ነው፣ ግን ታይቶ የማይታወቅ ብርድ መጣ ለማለት ቢያንስ የድሮውን ቁጥር ማቅረብ ያስፈልጋል፣ ጸሐፊው አንድም አላቀረቡም።

ጸሐፊውን የምለምናቸው ጽሑፉን እንዲያስተካክሉት ነው፣ ብዙ ሰው ያነበዋልና የከሰሉን ምክር ዛሬውኑ ያውጡት። ሰው እንዲራራና እንዲዘጋጅ ከፈለጉ ደግሞ የሚጻፍለት ሰው ሞልቷል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ በጎጆ የሚያድሩት የቆሎ ተማሪዎች አንድ ለምድና አንዲት ስስ ጨርቅ ነው ያላቸው፣ ሌሊት ተነስተው ነው ትምህርታቸውን የሚቀጽሉት። ፒያሳና አዘዞ በረንዳ ላይ የሚያድሩ ልጆች አሉ። ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ መጠለያ ያሉት ኤርትራውያን ስደተኞች ቆላ ከሆነ መጠለያ መጥተው ያን ደጋ በድንኳንና በቀላል መጠለያ የሚችሉ ሰዎች ናቸው፣ ጦርነቱ ያፈናቀላቸው የራሳችን ወገኖችም እንዲሁ። ብርድ ልብስ፣ ያገለገለ ጋቢ፣ የልጅ ሹራብ፣ ካልሲ ያላችሁ በየሰበካ ጉባኤው፣ በየመስጊዱና በየቀበሌው ለሚሰበስቡ ወጣቶች ስጡ፣ ዋናው የብርድ ሌሊት ከታህሳስ አጋማሽ ጀምሮ ስለሆነ ከዛ በፊት ቢደርስላቸው ጥሩ ነው፣ ለምትልኩት ብርድ ልብስ ደግሞ ከስር የሚነጠፍ ሸራ ወይም ሰሌን ጨምሩበት።